«መጀመሪያ ማጫወቻውን ግዙ» ለሚለው ምክር፣ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሃይ-ሬዝ (ከሲዲ የበለጠ ዝርዝር የያዘ ፋይል የሚያጫውት) የኪስ ማጫወቻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ሰንብቷል። ያላነበባችሁት ካላችሁ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኸውና። ሙዚቃን በጥራት መስማት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሃይ-ሬዝ ማጫወቻ ይግዛ። ካለው ብር ሁለት ሦስተኛውን እዚያ ላይ ያውል። በተረፈው ኦሙ (ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የኤሌክትሪክ መቋቋም ቁጥር) ከፍ ያለ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ይፈልግ። ትንንሽ ኤርፎን ከማንኛውም ማጫወቻ ጋር ስለሚሄድ አያሳስብም። ገመዱን ባላንስድ (ግራና ቀኙ ሽቦ የማይጋሩበት) ያድርገው፤ ጥራቱ እጥፍ ይሆናል። ያሉትን ዘፈኖች ሁሉ ከሲዲው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ወደሚበልጠው የፋይል ልክ፣ ወደ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ያስቀይር። ብሉቱዝ አጠገቡ አይድረስ። በመጨረሻም አዲሱን ሄድፎን 200 ሰዓት እያጫወተ ያሟሸው፤ ድምፁ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል። ጸሐፊው ሙዚቃ እንደሚወዱም ያስታውቃል። ነገር ግን እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ዕቁብ ሊደርሰው የተቃረበ ልጅ ይህን አንብቦ ብሩን በምክሩ መሠረት ሊያከፋፍል ተነስቷል። ጽሑፉን ያሳየኝም እሱ ነው። መልሴን በቃል ነገርኩት። «ጻፈውና ላስብበት» አለኝ። እንግዲህ በተራ በተራ እንሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማጫወቻው ይቅደም ወይስ ሄድፎኑ?

ሁለት ሦስተኛው ብር ለማጫወቻ ይሁን ባይ ናቸው። እኔ ተገላቢጦሹን ነው የምለው። ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ የሚለካ ነገር ነው። በደንብ የተሠሩ ሁለት ማጫወቻዎችን ለኩ። ከወፍራሙ ባስ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ልዩነታቸው የአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ክፋይ ነው። አሁን ሁለት ሄድፎን ለኩ። አንዱ ባሱን ያፈሰዋል፣ ሌላው ይሰስተዋል። ቀጭኑ ድምፅ ላይ ደግሞ የ5፣ አንዳንዴም የ10 ዴሲቤል ልዩነት ብርቅ አይደለም።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ የበገና ዝማሬ ይክፈት። በገና አሥር አውታር አለው። ሲደረደር የሚሰማው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ከሚያርፍበት ቦታ ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። በጥሩ ሄድፎን ወፍራሙ ድምፅና ንዝረቱ ተለይተው ይሰማሉ። የጣቱ አነሳስ ሳይቀር ይታወቃል። በመናኛ ሄድፎን ሁለቱ ተደባልቀው ጉምጉምታ ይሆናሉ። ያንኑ መናኛ ሄድፎን ከውድ ማጫወቻ ላይ ሰኩት፤ ጉምጉምታው አይለቅም። ጥሩውን ሄድፎን ከተራ ስልክ ላይ ሰኩት፤ በገናው በገና ሆኖ ይወጣል።

ኤሌክትሮኒክሱማ ረክሷል። አፕል በ9 ዶላር የሚሸጣት ሚጢጢ የታይፕ-ሲ መቀየሪያ አለች። ፋይሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ዳክም፣ ሄድፎኑን የሚነዳው አምፕም ውስጧ ናቸው። ስትለካ ንጹሕ ናት። የአሜሪካዋ 1 ቮልት ታወጣለች፣ የአውሮፓዋ ግማሹን፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣች ጠይቁ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ድምጿን ቀንሳ ነው የምታወጣው። ሳትሞክሩ አትግዙ። ፎርጂዷም ሞልታለች።

የጸሐፊውን ሐሳብ ከሳቸው በፊት በትልቁ የሞከረው አለ። ኒል ያንግ የሚባለው ዘፋኝ በ2014 ከሕዝብ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አሰባስቦ ፖኖ የተባለ ማጫወቻ ሠራ። ዋጋው 399 ዶላር ነበር። የሙዚቃ መደብሩ በ2016 ተዘጋ፣ በ2017 ማጫወቻውም አበቃለት። ዕቃው መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም። ብዙ ሰው ከስልኩ የሚለይበት ነገር አልሰማም።

ይህን ስል ማጫወቻ አይረባም ማለቴ አይደለም። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ የስልክ ባትሪ ይሳሳለታል፤ ሙዚቃውን ሌላ ዕቃ ቢሸከምልን ጥሩ ነው። ስልክ አይጠራበትም። ሚሞሪ ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ቁልፍ አለው። በታጨቀ ሃይገር ውስጥ ቆማችሁ፣ እጃችሁን ኪስ ከታችሁ በዳበሳ ዘፈን መቀየር ትችላላችሁ። እኔ ማጫወቻ የያዝኩት ለዚህ ነው። ስለ ድምፁ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን መጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚያርፈውን ያስተካክል።

ስለ ኦም

ጸሐፊው ኦሙ በጨመረ ቁጥር ጥራቱም ይጨምራል ብለዋል። ከጽሑፉ ሁሉ ሰው የሚያከስረው ይሄ ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው። ስለ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። ቤየርዳይናሚክ የተባለው ፋብሪካ ዲቲ 770 ፕሮ የሚለውን ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ሠርቶ ሸጧል። ያው አንድ ሄድፎን ነው። የተለያየው ከምን ዓይነት መሣሪያ ላይ ቢሰካ ይሻላል የሚለው ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ቮልት ማለት ውሃውን አራተኛ ፎቅ የሚያደርሰው ግፊት ነው። ከረንት ማለት በቧንቧው የሚያልፈው መጠን ነው። ኦሙ ከፍ ያለ ሄድፎን ጠባብ ቧንቧ ነው፤ ግፊት ይፈልጋል። ኦሙ ዝቅ ያለው ሰፊ ነው፤ በትንሽ ግፊት ብዙ ይስባል። ማጫወቻው ያንን ማቅረብ ካቃተው ድምፁ ይሰባበራል።

ታዲያ ኦሙን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም። አጠገቡ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ በትንሽ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር። እዚህ ቁጥር ላይ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ፋብሪካ በ1 ሚሊዋት ለክቶ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በ1 ቮልት። ሁለቱን እንዳለ ማወዳደር አይቻልም።

ምሳሌ ልስጥ። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 38 ኦም ነው፣ በ1 ሚሊዋት 99 ዴሲቤል ይሰጣል። የዜንሃይዘር ኤችዲ 650 ደግሞ 300 ኦም ነው፣ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል። ካርቶኑን ብቻ ያየ ሰው ኤችዲ 650 የበለጠ ይጮሃል ይላል። ወደ አንድ መለኪያ አምጧቸው። ለ38 ኦም ሄድፎን 1 ቮልት ማለት 26 ሚሊዋት ገደማ ነው። በዚህ ኃይል ኤም50ኤክስ 113 ዴሲቤል ይደርሳል። ድምፁን ሳትነኩ ሁለቱን ብታቀያይሯቸው ኤችዲ 650 በ10 ዴሲቤል ያንሳል። ለጆሮ ግማሽ ያህል የቀነሰ ይመስላል።

ይህን የሰማ ሰው ነው «ወንድሜ፣ ይሄ ትልቅ አምፕ ነው የሚፈልገው» እያለ የሚያስወራው። ስሌቱን ግን ጨርሱት። ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት የሚደርስበትን ጫፍ 110 ዴሲቤል እናድርገው። ይህ በጣም ከፍተኛ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማውም። ኤችዲ 650 እዚያ ለመድረስ የሚፈልገው 2.2 ቮልት ገደማ ነው። በዋት ሲሰላ 17 ሚሊዋት አይሞላም። ብዙ የኪስ ማጫወቻ በተራው ቀዳዳ 2 ቮልት አካባቢ ያወጣል። ስለዚህ 300 ኦም እንደሚወራለት አስፈሪ አይደለም።

አሁን በሌላ በኩል እንየው። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የሚባል ሄድፎን ነበር። ኦሙ 50 ብቻ ነው። በጸሐፊው ሚዛን «ቀላል» ሊባል ነው። ግን በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። ያንኑ 110 ለመድረስ ከ440 ሚሊዋት በላይ ይጠጣል። አብዛኛው የኪስ ማጫወቻ እሱን ሲያይ እጅ ይሰጣል። በኦሙ ብቻ ሄዶ የገዛ ሰው ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ «ፎርጂድ ሸጡልኝ» እያለ ሻጩን ይረግማል።

ሻጮች ማጫወቻ ሲያስተዋውቁ በ32 ኦም የተለካውን ሚሊዋት በትልቁ ይጽፋሉ። 125 ሚሊዋት ሲባል ብዙ ይመስላል። እሱ ማለት 2 ቮልት ነው። ያው 2 ቮልት 300 ኦም ላይ 13 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። ማጫወቻው አልደከመም፤ ሂሳቡ ነው። ስለዚህ ቮልቱን ጠይቁ። ቮልቱ ካልተጻፈ በ300 ኦም የተለካውን ሚሊዋት ፈልጉ።

ትንንሾቹ ኤርፎኖች

ኤርፎን ከማንም ጋር ይሄዳል የሚለውስ? አይሄድም። እንዲያውም ከትልልቆቹ ይልቅ ማጫወቻ የሚመርጡት እነሱ ናቸው።

ማጫወቻው ራሱ በመውጫው ላይ የራሱ ኦም አለው። የተለመደው ሕግ ይህ ኦም ከኤርፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው። 16 ኦም ኤርፎን ከያዛችሁ የማጫወቻው መውጫ ከ2 ኦም ባይበልጥ ይመረጣል።

ለምን ቢባል፣ በውስጣቸው ብዙ ጥቃቅን ድምፅ ማውጫ የታጨቀባቸው ኤርፎኖች ኦማቸው እንደ ድምፁ ቅጥነት ይለዋወጣል። እንበልና አንድ ኤርፎን አንድ ቦታ ላይ 8፣ ሌላ ቦታ ላይ 40 ኦም ነው። መውጫው 10 ኦም በሆነ ማጫወቻ ላይ ሲሰካ በሁለቱ ቦታዎች መካከል 5 ዴሲቤል ገደማ መዛባት ይፈጠራል። መውጫው 1 ኦም ከሆነ መዛባቱ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ያው ኤርፎን፣ ያው ዘፈን። በአንዱ ላይ ዘፋኙ ፊት ለፊት ይቆማል፣ በሌላው ላይ ከጓዳ ይዘፍናል። ሰዎች ስለ ማጫወቻ «ባሕርይ» ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሹክሹክታው ነው። በጣም ንቁ የሆነ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል የሚጮህ ኤርፎን የአምፑን የራሱን ሽሽታ ያሰማል። መፈተኑ ቀላል ነው። ማታ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ፀጥ ሲል፣ ኤርፎኑን ሰኩና ምንም ድምፅ የሌለበት ፋይል አጫውቱ። ዘፈን አቁማችሁ ብቻ አትፈትኑ። ብዙ ማጫወቻ ዘፈኑ ሲቆም አምፑን ስለሚዘጋው ንጹሕ ይመስላል። ፋይሉ ሲጀምር «ሽሽሽ» የሚል ነገር ብቅ ካለ፣ የአምፑ ሽሽታ እሱ ነው። ድምፁን ስትቀንሱ የማይቀንስ ከሆነ ማጫወቻውና ኤርፎኑ አልተስማሙም። ኤርፎኑ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ስለ ጫፉ ጎማ ጸሐፊው ምንም አላሉም። እኔ ከዳኩ በፊት ጎማውን አያለሁ። የጆሮን ቀዳዳ አጥብቆ ካልዘጋ ባሱ ሾልኮ ይሄዳል። ዘፈን ከፍታችሁ ኤርፎኑን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ባሱ ድንገት ከመጣ ችግሩ ጎማው ነው። ካርቶኑ ውስጥ የሚመጡት ትልቅና ትንሽ ጎማዎች ተጨማሪ ዕቃ አይደሉም፤ ሞክሯቸው። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ልክ ሊፈልጉም ይችላሉ። በትልልቆቹ ሄድፎኖችም እንዲሁ ነው። የመነጽር እጀታ፣ ሻሽ፣ ሂጃብ ወይም ወፍራም ጸጉር ከትራሱ ሥር ሲገባ ክፍተት ይፈጥራል። ባሱ በዚያ ይወጣል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ሄድፎን ሲሞክር መነጽሩን አድርጎ ይሞክር።

የት ሆናችሁ ነው የምትሰሙት?

ጸሐፊው ለሁሉም ሰው ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ነው የመከሩት። ለራሳቸው ፀጥ ያለ ክፍል እንዳላቸው እገምታለሁ።

እኛ ከተማው ጫፍ ላይ ነን። የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያው እዚሁ ነው፤ የከባድ መኪናው ጉርምርምታ ሌሊቱን አይቋረጥም። ጠዋት ወደ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ወደ መሃል ከተማ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ ሞተሩ፣ የመስኮቱ ጥርጥርታ፣ የሾፌሩ ሬዲዮና የረዳቱ ጩኸት አለ። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ካለ ብሎኩ ሥር ሞንታርቦ ይተከላል። ግድግዳውም ያው የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ይህን ሁሉ ያስገባል። የእናንተንም ዘፈን አጠገባችሁ ለተቀመጠው ተሳፋሪ በነፃ ያድላል።

የሚከተለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ድምፅ ይጨመራል። የአሜሪካው የሥራ ላይ ጤንነት ተቋም መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በ3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2፣ 94 ሲሆን 1፣ 100 ሲሆን 15 ደቂቃ። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ ለሚሄድ ሰው 15 ደቂቃ ምንም አይደለም። ጆሮ ደግሞ አንዴ ከተጎዳ አይጠገንም።

በደንብ የሚዘጋ ኤርፎን የውጭውን ድምፅ በ20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ማለት ዘፈኑን ሳይጮህ ትሰሙታላችሁ፣ ትንንሾቹን ድምፆችም ትሰሟቸዋላችሁ ማለት ነው። ለመንገድ የሚሆነው ይሄ ነው። ክፍቱን ሄድፎን እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚሰማው ልጆች ተኝተው፣ ሠርግም ሳይኖር ነው። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የሚዘጋውን ይግዛ።

24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለዋል። አንደኛው፣ በሃይ-ሬዝ የተቀዳ ሙዚቃ ከሲዲ ይበልጣል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ያለንን ዘፈን ወደ ሃይ-ሬዝ ብንቀይረው ይሻላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው መልሱ አጭር ነው፤ አይሻልም። ያልነበረ ነገር ከየትም አይመጣም።

በቀደም አንድ ወዳጄ ሚሞሪ ላይ «ሃይ-ሬዝ» ተብሎ የተጫነለትን ዘፈን አመጣልኝ። ፋይሉ 192 ኪሎኸርዝ ነው ይላል። የድምፁን ቅጥነት ከታች ወደ ላይ በቀለም በሚያሳየው፣ ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፈትነው። ታች ቀይና ቢጫ ቀለም ይንቦገቦጋል። 16 ኪሎኸርዝ ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ቆመ። ከዚያ በላይ እስከ ፋይሉ ጣሪያ፣ እስከ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ድፍን ጥቁር። እንዲህ ያለው መቁረጫ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ላይ የተለመደ ነው። አንድ ሰው ከበይነመረብ ያወረደውን ዘፈን ለውጦ፣ ሚሞሪውን ሞልቶ፣ ብር ተቀብሎበታል። 24 ቢት 192 ሳይጨመቅ በደቂቃ 69 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሲዲ 10.6 ገደማ። የጥቁሩን ቦታ ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

በተለይ የኛን የድሮ ሙዚቃ አስቡት። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች አሉ። ከዚያ የካሴቱ ዘመን መጣ። ብዙው ሰው እጅ ላይ ያለው ከካሴት የተገለበጠ ነው፣ ያውም በተደጋጋሚ። ተራ ካሴት የሽሽታ ማፈኛ ካልታከለበት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት 55 ዴሲቤል ቢሆን ነው። አንድ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሆነ፣ ይህ በ9 ቢት ገደማ ይጠቃለላል። የሲዲው 16 ቢት 96 ዴሲቤል አለው፤ ተርፎ ይፈስሳል። 24 ቢት ላይ ብታስቀምጡት በጥራት የሚቀረጸው የካሴቱ ሽሽታ ነው። ብሩ መዋል ያለበት ያልተገለበጠውን፣ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈልጎ በደንብ ማስገልበጥ ላይ ነው። ፋይሉ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚጨመቅ ዓይነት) ሆኖ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ቢሆን በቂ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ጸሐፊው ልዩነቱ «ለማንም ይሰማል» ባይ ናቸው። ሜየርና ሞራን በ2007 ባወጡት ጥናት አድማጮችን ሃይ-ሬዝና ያንኑ በሲዲ ልክ ያለፈ ድምፅ አስለይተዋቸው ነበር። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው ግማሽ ያህሉ ነው፤ ሳንቲም ጥሎ ከመገመት አይለይም። በ2016 ደግሞ ተመራማሪው ጆሹዋ ሪስ የ18 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አሰላ። አጠቃላዩ 52.3 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ከዕድል ትንሽ ይበልጣል፣ ሥልጠና የወሰዱ አድማጮችም የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ስለዚህ «ምንም ልዩነት የለም» ብዬ አልከራከርም። ሆኖም 52 በመቶ «ለማንም ይሰማል» አያሰኝም። በሚኒባስ ውስጥማ ይቅር።

አንዳንድ ሃይ-ሬዝ አልበም የተሻለ የሚሰማው ከዋናው ቅጂ እንደገና በጥንቃቄ ስለተዘጋጀ ነው። ያንኑ ዝግጅት ወደ ሲዲ ልክ አውርዱትና ስሙት፤ ያው ነው።

ባላንስድ ገመድ

ባላንስድ ጥራቱን እጥፍ አያደርገውም። የሚያጥፈው ቮልቱን ነው፤ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። 300 ኦም ሄድፎን ላለው ይህ ይጠቅማል፣ ከላይ ያየነውን 2.2 ቮልት በሰፊው ያልፋል። ለንቁ ኤርፎን ግን ተጨማሪ ጩኸት ምን ያደርጋል? የመውጫው ኦምም ብዙ ጊዜ አብሮ ይታጠፋል። ደግሞ ባላንስዱ ሲሰካ ድምፁ ስለሚጨምር ሁሉ ነገር የተሻለ ይመስላል። ድምፁን አስተካክላችሁ አወዳድሩ። ከባላንስድ ጃኮች የ4.4 ሚሊሜትሩ ከ2.5ቱ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ የ2.5ቱ አንገት ቶሎ ይሰበራል። ከገመድ የማምንበት ይሄንን ነው።

ብሉቱዝ

እዚህ ጋ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። ሶኒ በ2015 ያመጣው ኤልዳክ የተባለው የብሉቱዝ ድምፅ መጭመቂያ በከፍተኛው 990 ኪሎቢት ያደርሳል። ከ2017 ጀምሮ አንድሮይድ 8 ውስጥ ገብቷል፤ አይፎን ላይ የለም። ሰው በተጨናነቀበት ቦታ አየሩ ሲታወክ ወደ 660፣ ወደ 330 ይወርዳል። ስለዚህ ገመድ ይበልጣል ማለታቸው ትክክል ነው።

መናገር የነበረባቸው ግን ሌላ ነው። የብሉቱዝ ሄድፎን የራሱ ዳክና የራሱ አምፕ አለው። ውድ ማጫወቻ ገዝታችሁ በብሉቱዝ ካገናኛችሁት የከፈላችሁበት ዳክም አምፕም ሥራ ፈት ነው። ከስልክ ብታገናኙት ያው ነበር። ብሉቱዝ የሚፈልግ ሰው ማጫወቻ አይግዛ፤ ብሩን ሁሉ ሄድፎኑ ላይ ያውል። የውጭ ድምፅ የሚያጠፋውን ዓይነት ከመረጠ ደግሞ፣ እሱ በተለይ የሚጎበዘው ዝቅ ያለውን የሞተር ጉርምርምታ ላይ ነው። ለኛ መንገድ የተሠራ ይመስላል።

ለዕቁቡ ልጅ የሰጠሁት ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚዘጋ ባለገመድ ሄድፎን፣ ኦሙ ከ30 እስከ 80፣ ትራሱ የሚቀየርለት፣ ገመዱ የሚነቀል። ገመዱ የሚነቀል መሆኑን አጥብቄ ነግሬዋለሁ፤ እኔ ካውያ ይዤ የምበይደው አብዛኛው ሄድፎን የተበላሸው ገመዱ ጃኩ አጠገብ ተበጥሶ ነው። ለጊዜው ስልኩ ላይ በመቀየሪያ ይስማው። ማጫወቻው ከተረፈው ብር፣ ከፈለገ።

200 ሰዓት ማሟሸት

ይህ በመጨረሻ ይቅረብ እንጂ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የሄድፎን ትራስ በአገልግሎት እየለሰለሰ፣ ከጭንቅላት ጋር እየተላመደ ይሄዳል። ያኔ ድምፁም ጥቂት ይለወጣል። ከዚያ ውጭ የሚለማመደው የእኛው ጆሮ ነው። አዲስ ሄድፎን በመጀመሪያ ቀን ካስጠላችሁና አመለካከታችሁን 200 ሰዓት ካዘገያችሁት፣ ወይ ትለምዱታላችሁ ወይ አማራጭ ታጣላችሁ። 200 ሰዓት ሳይቋረጥ ቢጫወት 8 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። እኔ የምገዛበት ሻጭ ዕቃ ለመመለስ የሚሰጠኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት ነው።